የእንጨት ወይስ የብረት? ለልጆቻችን የቤዝቦል ዱላ ስንመርጥ



እዚህ አሜሪካ የፀደይ ቤዝቦል ምዝገባ ሲጀመር ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄም ይለወጣል። ብርዱን ሙሉ ስለ ሳልና ትኩሳት ሲጽፉልኝ የከረሙ ወላጆች የዱላ ፎቶ መላክ ይጀምራሉ። የዘንድሮውን የጀመሩት አንድ የማውቃቸው አባት ናቸው፤ ታክሲ እየነዱ ሦስት ልጆች ያሳደጉ ሰው። ሁለት ፎቶ ላኩና ወዲያው ደወሉ።

«ዶክተርዬ፣ አንዱ 45 ዶላር ነው፣ አንዱ 350 ዶላር። እኔ እስከማየው ድረስ ሁለቱም ዱላ ናቸው። ልጁ ያለ ብረቱ አልጫወትም ብሎ አኩርፏል። እናቱ ደግሞ የብረቱ ሰው ይገድላል ሲሉ ሰምቻለሁ ትላለች። እኔ መሐል ቤት ቀረሁ።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ብረቱ ላይ ያለውን ማኅተም አንስተው ይላኩልኝ» አልኳቸው።

«የምን ማኅተም? ዱላም ቀበሌ ሄዶ ያስመታል እንዴ?»

ሳቅን። ግን ጥያቄያቸው የሚያስቅ አይደለም። ሦስት መቶ ሃምሳ ዶላር ለብዙዎቻችን የሳምንት አስቤዛ ነው፤ ልጁም ያኮረፈው በከንቱ አይደለም። ሌሎቹ ልጆች ሁሉ የሚያብረቀርቅ ነገር ከቦርሳቸው ሲያወጡ እሱ ብቻ የእንጨት ይዞ መቆሙ ያሳፍረዋል። የእናትየዋም ስጋት ከየትም የመጣ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ስለዚሁ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

አብዛኞቻችን ያደግነው በእግር ኳስ ነው። ዱላና ኳስ የምናውቀው ቢበዛ በገና ጨዋታ ነው፤ እሱም ቢሆን ሩሩ በመሬት ነው የሚሄደው። ልጃችን እግር ኳስ ሲጫወት አሰልጣኙን የምናርመው እኛ ነን፣ ቤዝቦል ሲሆን ግን ዝም ብለን አጥር ጥግ እንቀመጣለን። ምን እንደሚገዛ አሰልጣኙ ይንገረን፣ ካልሆነም ሱቁ ውስጥ ያለው ወጣት ይምረጥልን እንላለን። ያ ወጣት ደግሞ የሚመርጥልን ውዱን ነው።

በመጀመሪያ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? የእንጨቱ ባት ወጥ ነው፤ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የወጣ፣ ውስጡ ድፍን። ኳስ ሲያርፍበት እንጨቱ ብዙም አይሰረጉድም፣ የሚጨፈለቀው ኳሱ ነው። ኳሱ ሲጨፈለቅ ደግሞ ጉልበቱ ይባክናል። የብረቱ (ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው) ውስጡ ባዶ ነው። ኳሱ ሲያርፍበት ስስ ግድግዳው በጥቂቱ ይሰረጉድና መልሶ ይገፋዋል፤ ልጆች ትራምፖሊን ላይ ሲዘሉ ጨርቁ እንደሚያስፈነጥራቸው ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ። ባዶ ስለሆነ አምራቹ ክብደቱን ወደ እጅ ማስጠጋት ይችላል፤ ጫፉ ሲቀል ልጁ ፈጥኖ ይወነጭፈዋል። ከፈጣን ዱላ ደግሞ ፈጣን ኳስ ይወጣል።

አሉሚኒየሙ ወደ ልጆች ሜዳ የገባው ለጉልበቱ ተብሎ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሊትል ሊግ ሲፈቅደው ዋናው ነገር ገንዘብ ነበር፤ እንጨት ይሰበራል፣ ብረት ዓመታት ይቆያል። በ1974 ኮሌጆችም ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ነው አምራቾች ግድግዳውን እያሳሱ፣ ቅይጡን እያጠነከሩ እርስ በርስ የተፎካከሩት፤ በ1990ዎቹ ዱላው ከልጆቹ ቀድሞ ሄደ። የአሜሪካ ዋናው የፕሮፌሽናል ሊግ ግን ብረትን አንድም ቀን አልፈቀደም፤ እስከ ዛሬ እንጨት ብቻ ነው። በቴሌቪዥን የምናያቸው ግዙፍ ሰዎች በእንጨት ሲጫወቱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በብረት የሚጫወትበት ምክንያት ይኸው ነው።

የእናትየዋ ስጋት የመጣው ከዚያ ዘመን ነው። በ2003 ሞንታና ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ፒቸር፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረው ልጅ፣ ከብረት ባት የተመለሰ ኳስ ጭንቅላቱን መትቶት ሞተ። በ2009 የዳኞች ጉባኤ አምራቹ ስለ አደጋው በቂ ማስጠንቀቂያ አልሰጠም ብሎ ለቤተሰቡ 850,000 ዶላር ፈረደ። በ2006 ኒው ጀርሲ ውስጥ የ12 ዓመት ልጅ ደረቱ ላይ ተመታ፤ ልቡ ቆመ፣ ተመለሰ፣ ግን አንጎሉ ኦክስጅን አጥቶ ስለቆየ ለዕድሜ ልክ ጉዳት ተዳረገ። ይህኛው ጉዳይ በ2012 በ14.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። በ2007 የኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጨዋታዎች ብረትን ከለከለ፤ ከንቲባ ብሉምበርግ ውሳኔውን ውድቅ ቢያደርጉትም ምክር ቤቱ በድምፅ ሻረው። አምራቾችም ፍርድ ቤት ሄደው ተረቱ። በዚያው ዓመት ኖርዝ ዳኮታም የሁለተኛ ደረጃ ጨዋታዎቿን ወደ እንጨት መለሰች።

በሌላ በኩል የፌዴራሉ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በ2002 ብረት እንዲገደብ የቀረበለትን ጥያቄ አልተቀበለም፤ የቀረበው ማስረጃ ብረት ብዙ ጉዳት እንደሚያደርስ አያሳይም ብሎ። ሁለቱም ወገን ባዶ እጁን አይደለም። ኳሱ ከብረት ፈጥኖ እንደሚወጣ በመለኪያ ታይቷል። ያ ፍጥነት ስንት ልጆችን ጎዳ የሚለውን መለየት ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም እግዚአብሔር ይመስገን ከባዱ አደጋ ጥቂት ነው።

የፍጥነቱን ነገር በቁጥር ልንገራችሁ፣ እኔን ያሳመነኝ እሱ ነውና። በሊትል ሊግ እስከ 12 ዓመት ባሉት ልጆች ሜዳ ፒቸሩ ከመቺው የሚቆመው በ46 ጫማ፣ 14 ሜትር ያህል ርቀት ነው። ወርውሮ ሲጨርስ አንድ እርምጃ ወደፊት ስለሚመጣ አሥራ ሁለት ሜትር ተኩል ይቀረዋል እንበል። የተመታው ኳስ በሰዓት 60 ማይል ከተመለሰ እሱ ጋ ለመድረስ የሚፈጅበት ግማሽ ሰከንድ አይሞላም፤ 0.47 ገደማ ነው። 70 ማይል ከሆነ 0.40 ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ልጁ ኳሱን ማየት፣ ወደ እሱ እንደሚመጣ ማወቅ፣ እጁን ማንሳት አለበት። ያውም ወርውሮ ገና ሚዛኑን ሳይጠብቅ፣ ጓንቱም ጉልበቱ ጋ ሳለ። ከሰከንድ ሰባት መቶኛ ለእኛ ምንም ነው፤ ለእሱ ግን ፊቱን መሸፈንና አለመሸፈን ነው።

እናትየዋ ያልሰሙት ግን ከዚያ ወዲህ የብረቱ ባት መለወጡን ነው። ኮሌጆች ከ2011፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ2012 ጀምሮ «ቢቢኮር» የተባለ መለኪያ ይጠይቃሉ፤ ከባቱ ጋር ሲጋጭ ኳሱ ምን ያህል እንደሚፈናጠር የሚለካና በ0.50 የሚገድብ ነው። ይህ ለጥሩ እንጨት የተጠጋ ነው። ለትንንሾቹ ደግሞ ከጥር 1 ቀን 2018 ጀምሮ ሊትል ሊግና ሌሎች ማኅበራት «ዩኤስኤ ቤዝቦል» የሚል ማኅተም ያለበትን ባት ብቻ ነው የሚቀበሉት። እሱም የተሠራው ብረቱ እንደ እንጨት እንዲመታ ተብሎ ነው። እንግዲህ የጋሼን ማኅተም የጠየቅኩት ለዚህ ነው። ዛሬ ጥያቄው እንጨት ወይስ ብረት ከሚለው ይልቅ የቱ ማኅተም አለበት የሚለው ነው።

ምክንያቱም ሌላ ማኅተምም አለ። ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ የሚጫወቱ የውድድር ቡድኖች ብዙዎቹ የሚጫወቱት «ዩ ትሪፕል ኤስ ኤ» በሚባለው ድርጅት ሕግ ነው፤ «1.15» የሚል ቁጥር ያለበት ማኅተም። ይህ ከመጀመሪያው የበለጠ ያስፈነጥራል። ልጆች የሚወዱትም ለዚህ ነው፣ ሊትል ሊግ የማይቀበለውም ለዚህ ነው። ጋሼ ሊገዙት የነበረው የ350 ዶላሩ ባት ይኸው ነበር! ልጁ የሚጫወትበት የሰፈር ሊግ ከቶ አያስገባውም። ከሱቁ ወጣት ይህን አልሰሙም።

ሁለተኛው ወጥመድ አሮጌው ባት ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ደግ ነው፤ ልጁ ሲያድግ ጫማውንም ብስክሌቱንም ለጎረቤት ልጅ ያስተላልፋል። ከ2018 በፊት የተሠራ የብረት ባት ከዘመድ ጋራዥ ወይም ከያርድ ሴል በአምስት ዶላር ይገኛል። ርካሽ ነው፣ ግን ከዛሬው የበለጠ ያስፈነጥር ይሆናል፣ ማኅተም ስለሌለው ሜዳ ላይ ዳኛው ይቀማዋል፤ የተሰነጠቀም ሊሆን ይችላል። ኮምፖዚት የሚባሉት፣ ከካርቦን ጭረት የሚሠሩት፣ ደግሞ እያረጁ ሲሄዱ የበለጠ ያስፈነጥራሉ። ይህን ለማፋጠን በማሽን የሚያስጨፈልቁም አሉ፤ ሕገ ወጥ ነው። ጫማና ብስክሌት እንቀባበል፣ የድሮ ባት ግን ይቅር።

ወጥ የእንጨት ባት ማኅተም አያስፈልገውም፣ በየሊጉ ይገባል። ርካሽ ነው። ዋሽቶ አያስደስትም፤ ጫፉ ላይ ወይም እጅ አጠገብ የመታ ልጅ መዳፉ ይነዝረዋል፣ በብርድ ቀን ደግሞ ያቃጥላል። ይህ ጥሩ አስተማሪ ነው የሚሉ አሰልጣኞች አሉ፣ እኔም እስማማለሁ። በማሳቹሴትስ የኬፕ ኮድ ሊግ የኮሌጅ ተጫዋቾች ከ1985 ጀምሮ በጋውን በእንጨት የሚጫወቱት የፕሮፌሽናል መልማዮች እውነተኛ ችሎታቸውን እንዲያዩ ነው። ለልጃችሁ ይህን ንገሩት። «ያቅማችንን ነው» ከምትሉት ይልቅ «ትልልቆቹ የሚጫወቱበት ይሄ ነው» ብትሉት ኩርፊያው ይቀንሳል፤ ውሸትም አይደለም።

ግን እንጨቱም ጣጣ አለው። በተመሳሳይ ርዝመት ከብረቱ ይከብዳል፣ ክብደቱም ወደ ጫፉ ነው። ትንሽ ልጅ ከአቅሙ በላይ የሆነ ባት ሲይዝ ዘግይቶ ይወነጭፋል፣ ወገቡን ያጣምማል፣ አንዳንዴም ከእጁ ያመልጠዋል። ይሰበራልም። እየተሰበረ ስንጥሩ ሰው ላይ እንዳይበር፣ ስንጥቅ የታየበት ባት በዚያው ቀን ይጣላል። በፕላስተር ጠቅልሎ፣ ሚስማር መትቶ ማስቀጠል የለም፤ ባለሙያ አባቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ይህን ግን ተዉት። ብረቱም ቢሆን ከጨዋታ በፊት በእጅ ይዳሰስ። ጎድጓዳ፣ ስንጥቅ፣ ወይም ሲወዘወዝ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ አበቃ።

ክብደት ስንል ቀላል ሙከራ አለ። ልጁ ባቱን በአንድ እጁ ከታች ጫፉ ይዞ፣ ክንዱን ወደ ጎን ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ ይቁም። ሃያ ሰላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ክንዱ ከተንቀጠቀጠ ወይም ባቱ ከወረደ ይከብደዋል። ባቱ ላይ «ድሮፕ» የሚባል ቁጥር ታያላችሁ፤ ርዝመቱ በኢንች ሲቀነስ ክብደቱ በአውንስ ማለት ነው። 30 ኢንች ሆኖ 20 አውንስ የሚመዝን «ድሮፕ 10» ይባላል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ባቱ ይቀላል። «ከርሞ ያድግበታል» ብላችሁ ትልቅ አትግዙ። ጃኬት አይደለም።

አሁን ወደ ልቡ ጉዳይ ልምጣ፤ በሐኪምነቴ ከሁሉ በላይ የማስበው እሱን ነውና። ኮሞሺዮ ኮርዲስ ይባላል። ጤነኛ ልጅ፣ ምንም የልብ ሕመም የሌለው፣ ደረቱ ላይ ልብ ያለበት ቦታ በኳስ ይመታል፤ ምቱ ልብ ለቀጣዩ ምት ራሷን በምታሰናዳባት እጅግ አጭር ቅጽበት ላይ ካረፈ የልብ ኤሌክትሪክ ይዘበራረቃል። ልብ መርጨቷን ትታ ትንቀጠቀጣለች። ቅጽበቷ ከሰከንድ ሃምሳኛ ክፍል ብዙም አትበልጥም፤ ለዚህ ነው ብርቅ የሆነው። ልጁ አንድ ሁለት እርምጃ ሊራመድ፣ ኳሱንም ሊያነሳ ይችላል፣ ከዚያ ይወድቃል። የጎድን አጥንቱ አልተሰበረም፣ ደረቱ ላይ ምልክት ላይኖር ይችላል።

በአሳማዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ይህን ለማምጣት በጣም አደገኛው ፍጥነት በሰዓት 40 ማይል አካባቢ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ማለት የግድ ከብረት ባት የወጣ ጥይት መሆን የለበትም። በእንጨት የተመታም፣ በእጅ የተወረወረም ያህላል። ስለዚህ «እንጨት ገዝቻለሁ፣ ልጄ ደኅና ነው» ማለት አይቻልም። እንጨት ጭንቅላትንና ፊትን በሚመታ ኳስ ረገድ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፤ ለልብ ግን የሚያድነው ሌላ ነገር ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት በልጄ ጨዋታ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። የሌላው ቡድን ልጅ በእንጨት ባት ቀጥ ያለ ኳስ መታና የእኛን ፒቸር፣ የ11 ዓመት ልጅ፣ ጎኑ ላይ አገኘው። ልጁ ተንበረከከ። ሮጬ ገባሁ። እያለቀሰ ነበር፣ ደስ አለኝ፤ የሚያለቅስ ልጅ ልቡ እየመታ ነው። መርምሬው አገጩን ቀና አድርጎ ወጣ፤ ከመበለዝ በቀር ምንም አልሆነም። ግን ወደ እሱ እየሮጥኩ የልብ ማስነሻ ማሽኑን፣ ኤኢዲውን፣ አምጡ ብዬ ጮኼ ነበር። ማሽኑ አለ። ያለው ከሜዳው ጀርባ ባለው የትምህርት ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ሕንፃው ተቆልፏል፤ ቁልፉ ጽዳት ሠራተኛው ጋ ነው፤ እሱ አርብ ማታ ሄዷል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሜዳ ሙሉ ልጆች ይጫወታሉ፣ ማሽኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰኞን ይጠብቃል።

እንዲህ ዓይነት የልብ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ማሽኑ በዘገየ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመዳን ዕድል ከመቶ ሰባት እስከ አሥር ያህል ይቀንሳል። አምቡላንስ ደግሞ በጥሩ ቀን እንኳ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ታውቃላችሁ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እኛ ወላጆች አስቸግረን፣ ኢሜይል ላይ ኢሜይል ጽፈን፣ አሁን ማሽኑ ጨዋታ ባለ ቀን መክሰስ የሚሸጥበት ጎጆ ውስጥ ይቀመጣል። ይህን ያደረገው የሕክምና እውቀት አይደለም፤ አንዲት ስልክ መደወል የማይሰለቻት እናት ናት።

እና ይህን ጠይቁ፦ ማሽኑ የት ነው? ማን ያመጣዋል? አንድ ልጅ ደረቱ ተመትቶ ከወደቀና ካልመለሰላችሁ፣ በደንብ ካልተነፈሰ፣ አንዱ 911 ይደውል፣ አንዱ ማሽኑን ይሩጥ፣ አንዱ ወዲያው የደረቱን መሐል በሁለት እጁ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል ይጫን። ማሽኑ ሲከፈት ራሱ ይናገራል፣ ምን እንደምታደርጉ ያዝዛችኋል። መደንገጥ የሚያስፈልገው አይደለም፤ ልጁን ያለ ማሽን መጠበቅ ነው የሚጎዳው። ስለ ደረት መከላከያም ትጠይቁኛላችሁ። የድሮዎቹ ስፖንጅ ያላቸው ልብስ መሰል መከላከያዎች ይህን አያስቆሙም ነበር። አሁን በተለይ ለዚህ የተሞከረ «ኖክሴ» የሚል ማኅተም ያለበት አለ፤ ከ2020 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ጨዋታዎች ለካቸሮች፣ ማለትም ከመቺው ኋላ ኳስ ለሚቀበሉት፣ ግዴታ ነው። ልጃችሁ ፒቸር ከሆነም ቢለብሰው እወዳለሁ። አደጋን ይቀንሳል እንጂ ማሽኑን አይተካም።

በነገራችን ላይ ድንገተኛ ክፍል በምሠራባቸው ቀናት ከባት ጋር በተያያዘ የማየው አብዛኛው ጉዳት በኳስ የመጣ አይደለም። በዱላው በራሱ የመጣ ነው። ታላቅ ወንድም በጓሮ ሲለማመድ ከኋላው የቆመ የአራት ዓመት ታናሽ። ልደት ላይ ተሰብስበው ተራ ሲጠብቁ የሚወነጭፉ ልጆች። ግንባር የተቀደደ፣ ጥርስ የወለቀ፣ አንዳንዴም የራስ ቅል የተሰነጠቀ። እዚህ ላይ እንጨትና ብረት ልዩነት የላቸውም። ሊትል ሊግ በትንንሾቹ ዘንድ ተራው ያልደረሰ ልጅ ባት እንዳይዝ የሚከለክለው ለዚህ ነው። በቤታችን ሕጉ አንድ ነው፤ ባቱ የሚወጣው አዋቂ ሲወጣ ነው፣ ከመኪና ኮፈን ውስጥ አይለቅም።

ሄልሜት ለመቺ ግዴታ ነው፣ ስለዚህ ብዙ አልልም፤ የፊት መከላከያ ያለው ከሆነ ዓይንንና ጥርስን ያድናል። መነጽር የሚያደርግ ልጅ ተራ መነጽር ሳይሆን የማይሰበር የስፖርት መነጽር ያድርግ። በወንድ ልጆች ታች መከላከያውን አትርሱ፤ ልጁ ያፍራል፣ እናንተ አትፈሩ። ለስድስትና ሰባት ዓመት ልጆች ለስላሳ ተደርገው የተሠሩ ኳሶች አሉ። እኔ ቢጠይቁኝ በዚያ ዕድሜ ባቱን ትቼ ኳሱን ነበር የምለውጠው።

ጥርስ ከነሥሩ ከወለቀ፣ ቋሚ ጥርስ ከሆነ፣ ሥሩን አትንኩት። ከላይኛው ነጩ ክፍል ያዙት፣ ወተት ውስጥ ጨምሩት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የጥርስ ሐኪም ጋ ድረሱ። ዓይን ላይ የተመታ ልጅ ዓይኑን አትጫኑት፣ አትሹት፤ ሸፍናችሁ ውሰዱት።

ጭንቅላቱ የተመታን ልጅ በተመለከተ ከእኛ ቤት የማየው ልማድ አለ። እብጠቱ ላይ ቅቤ ይቀባል፣ «አይዞህ ወንድ ልጅ አይደለህ» ይባላል፣ ከዚያ ወደ ሜዳ ይመለሳል። ቅቤው አይጎዳም። መመለሱ ግን ይጎዳል። ከተመታ በኋላ ራስ ምታት፣ መደንዘዝ፣ ማቅለሽለሽ ወይም ግራ መጋባት ያሳየ ልጅ በዚያ ቀን ጨዋታው አልቋል፤ የሚመለሰውም ሐኪም አይቶት ደረጃ በደረጃ ነው። አንዳንድ የደም መፍሰስ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ልጁ መጀመሪያ ደኅና ይመስላል፣ ይስቃል፣ ይበላል፤ ከሰዓታት በኋላ ይለወጣል። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ የዓይኖቹ ብሌኖች እኩል ካልሆኑ፣ አንድ ጎኑ ከዛለ፣ ካንዘፈዘፈው፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ንጹሕ ፈሳሽ ከወረደ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ 911 ደውሉ። ለሕመሙ ታይለኖል በክብደቱ መጠን ይበቃዋል።

የእጅ አንጓው ሥር፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው መዳፉ ባት ሲይዝ የሚያመውን ልጅ ደግሞ «ነዘረው» ብላችሁ አትለፉት። የባቱ ጫፍ እየተጫነ የምትሰበር ትንሽ አጥንት እዚያ አለች፤ በተራ ራጅ ላትታይ ትችላለች። ትልልቅ ወንዶች ላይ በብዛት አየዋለሁ፣ በሁለቱም ዓይነት ባት።

ስለዚህ ለእኔ ምርጫው ይህን ይመስላል። ከ12 ዓመት በታች ከሆነና በሰፈር ሊግ የሚጫወት ከሆነ፣ ዩኤስኤ የሚል ማኅተም ያለበት፣ ለክንዱ የሚቀል፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው የብረት ባት ይበቃዋል፤ ውዱ የሚጨምርለት ጥቂት ነው። ለልምምድ ከጎኑ የ40 ዶላር እንጨት ቢኖረው ደስ ይለኛል። ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲሄድ ቢቢኮር ወይም እንጨት። ፒቸር የሆነ ልጅ ያላችሁ ከሆነ፣ የሚጫወትበት ሊግ 1.15 ባቶችን ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከፈቀደ ፊቱንና ደረቱን ሸፍኑለት፣ ወይም ሌላ ሊግ ፈልጉ። እኔ ለልጄ ሁለተኛውን ነው የመረጥኩት፣ እሱም አልወደደልኝም።

ጋሼም ልጁን ይዘው ሱቅ ተመልሰው ነበር። ልጁ ራሱ ማኅተም እየፈለገ ሲያገላብጥ ከሱቁ ወጣት የተሻለ አወቀ ብለው በስልክ ነገሩኝ።

ሴት ልጆቻችሁ ሶፍትቦል ስለሚጫወቱ የጠየቃችሁኝ እናቶች፣ ኳሱ ትልቅ ቢሆንም ፒቸሯ የምትቆመው ይበልጥ ቀርባ ነው፤ በ12 ዓመት በታቾች 40 ጫማ፣ ከዚያ በታች ላሉት 35 ጫማ። የፊት መከላከያ ለእሷ አስገድዱ፣ ሊጉ ባይጠይቅም።

ባት የገዛችሁ ወይም ከዘመድ የተሰጣችሁ ካላችሁ፣ ማኅተሙ የሚታይበትን ጎን ፎቶ አንስታችሁ አስተያየት መስጫው ላይ አስቀምጡልኝ፤ የልጁን ዕድሜና የሚጫወትበትን የሊግ ዓይነት ጨምሩበት። ከሥራ ስወጣ እያየሁ እመልሳለሁ።